ጭሱ በየት ይውጣ?

— ሰኞ የእንጨት ምድጃ ሊገዙ ነው የሚባለው እውነት ነው፣ አክስቴ?

— የምታግዘኝ ልጅ ነገረችህ፤ አፏ አያርፍም። አዎ፣ ሰኞ ገበያ እወጣለሁ። ምነው ፊትህ ጠቆረ?

— ገርሞኝ ነዋ። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ ስመጣ ለምጣድዎ አዲስ ገመድና ብሬከር ይዤ ነው የመጣሁት። እኔ መብራቱን ላስተካክል ስል እርስዎ ወደ ጉልቻ ሊመለሱ!

— ጉልቻ ማን አለ? ምድጃ ነው ያልኩህ። ገመድህንም አልጠላሁትም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱም ይኑሩ ነው የምለው።

— ሁለቱም ሲኖሩ ነው ችግሩ። ምድጃ ካለ እንጨት ይገዛል፣ እንጨት ከተገዛ ይነዳል፤ የኤሌክትሪኩ ምጣድ የዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ያርፋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ተመረቀ፣ 5,150 ሜጋ ዋት። እርስዎ ገና ፍልጥ ያስጭናሉ።

— ግድቡ ላይ ኃይል መኖሩና ምጣዴ ላይ መድረሱ ለየብቻ ነው፤ ይህን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። አሸጎዳ ከዚህ ስንት ነው? አፍንጫችን ሥር ነው። በ2006 ሲመረቅ 84 የነፋስ ተርባይን፣ 120 ሜጋ ዋት ተባለ፤ እልል አልን። ታዲያ ጨለማው ሲመጣ አሸጎዳ መች ደረሰልን?

— ያ ጦርነት ነበር።

— ጦርነት ነበር። አንተ ከዚህ የሄድከው በ2008 ነው፣ አላየኸውም። ከሰኔ 2013 እስከ ኅዳር 2015 ከዋናው መስመር ተቆርጠን፣ ከተከዜ አንዳንዴ ብልጭ ሲል፣ ሲብስበት ድርግም ሲል ነው የኖርነው። ባንኩ ዝግ፣ ስልኩ ዝግ። ያ ኤሌክትሪክ ምጣድ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። መጀመሪያ ከሰሉ አለቀ። ከዚያ በረንዳው ላይ የነበረው አጣና። ከዚያ የአጎትህን የመጻሕፍት መደርደሪያ በመጥረቢያ ሰነጠቅኩት። ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት ሲነድ ጭሱ ምን እንደሚመስል አታውቅም፤ ጉሮሮ ይቆርጣል። ግቢ ውስጥ ሦስት ድንጋይ ጎልቼ፣ የእናቴን የሸክላ ምጣድ አውጥቼ ጋገርኩበት። ዐሥራ አራት እንጀራ ወጣው። ቆጥሬዋለሁ፤ መደርደሪያው ዐሥራ አራት እንጀራ ሆነ።

— አዝናለሁ፣ አክስቴ። ግን ሰው ለከበባ ብሎ ቤት አይሠራም። ያን ጊዜ ያደረጉትን ዛሬም ማድረግ ከፍርሃት ጋር መኖር ነው።

— እሺ፣ ከበባውን ተወው። ያለፈውን ማክሰኞ እንውሰድ። ሃምሳ እንጀራ ታዝዞብኛል። ሊጡ አብሲት ተጥሎበት ኩፍ ብሏል። ሰባተኛውን አፍስሼ ክዳኑን ስከድን መብራቱ ሄደ። እንጀራው ዐይን ሳያወጣ እንደ ሊጥ ቀረ። ይመጣል ብዬ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ፣ ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። ኩፍ ያለ ሊጥ ደግሞ ነገ ና ቢሉት አይመጣም፣ ይኮመጥጣል። አዛዡ ለቅሶ ቤት ነው፤ ለቅሶ ቤት መብራት ጠፋ ብለህ ደውለህ ንገር እስቲ። ሄጄ ከጎረቤት የጭቃ ሞጎጎ ላይ ጨረስኩት።

— ስለዚህ በወር ሁለት ቀን ለሚጠፋ መብራት ሠላሳ ቀን ጭስ!

— ሠላሳ ቀን ማን አለህ? ሒሳቡን ግን አብረን እንሥራ ካልክ፣ ከመስከረም 2017 ወዲህ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ነው። እኔ የምጋግረው ለቤት ብቻ አይደለም፣ ለሽያጭ ነው፤ ብዙ የበላ ብዙ ይከፍላል። በዚያ ላይ እሳት በሽቦም ይመጣል። የምጣዱ ሶኬት ጠቁሮ የሸተተኝ ዓመትም አልሞላው።

— እሱ የገመዱ ጥፋት ነው። የምጣዱ 3,500 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው። እርስዎ ቤት የተዘረጋው የአምፖል ገመድ ነው፤ ያን ያህል አይችልም፣ ይግላል፣ ይቀልጣል። ምጣድ የራሱ ወፍራም ገመድ፣ የራሱ ብሬከር ይፈልጋል። በትክክል ከተዘረጋ አይቃጠልም።

— ይኸውልህ! በትክክል ከተዘረጋ። እኔም ስለ ምድጃው የምለው ይህንኑ ነው።

— ኤሌክትሪክ ቢበላሽ ብሬከሩ ይወድቃል። የእርስዎ ምድጃ ብሬከር የለውም።

— ብሬከሩ እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ።

— እሺ፣ የትኛውን ነው የሚገዙት? ገበያው ላይ ያለው ሁሉ ምድጃ ይባላል።

— ሳስበው የሚያስቀኝ ስማቸው ነው። የከሰሏ ላቀች ትባላለች። የእንጀራው ምርጥ። የወጥ ማብሰያው ትክክል። በትግርኛ ደግሞ ትሕሽ አለች፣ ትሻላለች ማለት ነው። ኤርትራ ውስጥ ጭስ ማውጫ ያለውን ሞጎጎ አድሓነት ብለውታል፣ አዳነች እንደማለት፤ በ2003 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የአሽደን ሽልማት አግኝቷል። አንዱም ደህና ናት ወይም ትበቃለች የሚል ስም የለውም።

— ስም ያወጣላቸው ነጋዴ ነዋ።

— ነጋዴ ሳይሆን መንግሥት ነው። ምርጥን በ1980ዎቹ ያወጣው የኢነርጂ ጥናት ማዕከል ነው። ከሲሚንቶና ከገሞራ አሸዋ የሚቀዳ፣ ስድስት ቁራጭ። አራቱ ተጋጥመው ክብ ይሆናሉ፣ ምጣዱ እላዩ ይቀመጣል፤ ሁለቱ ከኋላ ሆነው ጭሱን ያስወጣሉ፣ ድስትም ይሸከማሉ። እንጀራው ሲያልቅ በዚያው ሙቀት ሽሮ ይንተከተካል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ እስከ ግማሽ እንጨት ይቆጥባል።

— «እስከ» የምትለዋን ቃል ልብ ብለዋታል? ሱቅ ላይ «እስከ ግማሽ ቅናሽ» የሚሉት ናት። ደግሞ ከምን ጋር ሲተያይ? ከሦስት ጉልቻ ጋር። የትግራይ ሞጎጎ እኮ ድሮም ዙሪያው በጭቃ የተዘጋ ነው፤ እሳቱ በአንድ አፍ ይገባል እንጂ እንደ ጉልቻ በሦስት ወገን አይበተንም። ጎረቤትዎ ጋ ካለው ሞጎጎ ጋር ቢወዳደር ያ ግማሽ የት ይደርሳል?

— ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ግማሽ አይሆንም፤ ያነሰ ነው። አያቶቻችን እንጨት ሲጠፋ እሳት ማጠር የጀመሩት ማንም ሳያስተምራቸው ነው። እኔ ግን አሁን ቤቴ ውስጥ ሞጎጎ የለኝም። የእኔ ማወዳደሪያ መብራት ሲጠፋ ግቢ ውስጥ የምጎልተው ድንጋይ ነው።

— ይሁን። እንጨቱ ግማሽ ቢሆን እንኳ በሽታው ግማሽ አይሆንም። እዚህ ላይ ነው የማልስማማው። ማላዊ ውስጥ ከዐሥር ሺህ በላይ ሕፃናት ላይ ጥናት ተደርጎ በ2016 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ ወጥቷል። ለግማሾቹ መንደሮች ማራገቢያ ያለው ዘመናዊ ምድጃ ተሰጠ፣ ለሌሎቹ አልተሰጠም። የሳንባ ምች ሁለቱንም እኩል ያዘ። እኩል፣ አክስቴ! እርስዎ ነርስ ነዎት፣ ይህን እንዴት ያልፉታል?

— አላልፈውም፤ አንብቤዋለሁ። እዚያ የተሰጠው ምድጃ ጭስ ማውጫ አልነበረውም። እሳቱ ተሻሻለ፣ ጭሱ ግን እዚያው ሰው መሃል ቀረ። ከዚያ በፊት በ2011 እ.ኤ.አ. ጓቲማላ ላይ የወጣውንስ አይተኸዋል? እዚያ ያሉ ደገኞች እንደኛ በምጣድ ነው ቂጣ የሚጋግሩት። ጭሱን በቱቦ ከቤት የሚያስወጣ ምድጃ ተሠራላቸው። ከባድ የሚባለው የሳንባ ምች፣ ልጅ ኦክስጅን የሚያስፈልገው ዓይነት፣ በሢሶ ገደማ ቀነሰ።

— ከባዱ ብቻ ነዋ። ሐኪም አይቶ ምች ነው ያለው አጠቃላዩስ?

— አጠቃላዩ ጎላ ያለ ቅናሽ አላሳየም። አልዋሽህም። ግን የሕፃናት ክፍል ሠርተህ ቢሆን ከባዱ ቀነሰ ማለት ምን እንደሆነ ይገባህ ነበር። ቀላሉን ምች ሽሮፕ ሰጥተህ ወደ ቤቱ ትልከዋለህ። ከባዱ ነው ሌሊት የሚሞትብህ።

— የዓለም ጤና ድርጅት እኮ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው በቤት ውስጥ ጭስ ሞተ ይላል።

— ቁጥሩን ተወው፣ እኔ ፊታቸውን አውቀዋለሁ። ሲጋራ በአፏ ያልዞረ የሃምሳ ዓመት ሴት፣ ደረቷን ስታዳምጠው የአርባ ዓመት አጫሽ። «ምን ትሠሪያለሽ?» ስትላት «ምንም አልሠራም፣ ቤት ነኝ» ትልሃለች። ሌላም ልንገርህ። ከጭስ የባሰው ጭስ የሌለው ነው። ክረምት ሌሊት ከሰል በምድጃ አስገብተው፣ በር ዘግተው፣ ጨርቅ ወትፈው የተኙ ባልና ሚስትን ጠዋት ይዘውልን መጡ። ፊታቸው ቀይ ነበር፣ የተኙ ነው የሚመስሉት። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም። እንጨት ቢያንስ ያስጠነቅቃል፣ ያስለቅስሃል፣ ተነስተህ በር ትከፍታለህ። ሰው ግን ከሰልን ንጹሕ ነው ብሎ መኝታ ቤት ያስገባዋል።

— እንግዲህ እርስዎ ራስዎ አሉት። ከእሳት ወደ ረመጥ ነው ማለት ነው። ጭስ ማውጫ ከሌለው ጥቅም የለውም ካሉ፣ ያ ስድስት ቁራጭ ምርጥ ምድጃዎ ጭስ ማውጫ አለው?

— ከኋላ ቀዳዳ አለው አልኩህ።

— ቀዳዳውማ አለው። ቀዳዳው ወዴት ይተነፍሳል? ወደ ውጭ ወይስ ወደ ማድ ቤቱ?

— ...ወደ ማድ ቤቱ።

— በቃ።

— አልበቃም። እሱን ነው እኔ የምገዛው። ምድጃውን ብቻ ሳይሆን መውጫውን። ከዚያ ቀዳዳ ተነስቶ ጣሪያውን አልፎ የሚወጣ ቱቦ ማሠራት እፈልጋለሁ። አንተን የጠራሁህም ለዚህ ነው፤ አንተ ግን ከመጣህ ጀምሮ ትከራከረኛለህ።

— ቀድመው ቢሉኝማ! ማድ ቤቱን አይቼዋለሁ። ግድግዳው የመቀሌ ድንጋይ ነው፣ እሱ ጥሩ ነው፣ እሳት አያገኘውም። ወለሉ ሊሾ ነው፣ እሱም ደህና። ቀና ስል ግን ምን አየሁ? የማዳበሪያ ኮርኒስ። ጥላሸቱ እንደ ሸረሪት ድር ተንጠልጥሎበታል። ላስቲክ ነው፣ አክስቴ! አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች፤ ደግሞ ሲነድ እየቀለጠ ጭንቅላት ላይ ይንጠባጠባል።

— ሙቀት እንዳይገባ ብለን ነው የሰፋነው።

— ይውረድ። መጀመሪያ እሱ ይውረድ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

— እሺ፣ ይወርዳል። ከዚያስ?

— ከዚያ ቱቦው። እሳት ለማሞቂያ የሚያነዱ አገሮች የያዙት ልክ አለ። አንድ ሽፋን ያለው ቱቦ ከማንኛውም እንጨት 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። የእርስዎ ጣሪያ ወራጁ ባሕር ዛፍ ነው፤ ስለዚህ ቱቦው በሁለት ወራጆች መሃል መውጣት አለበት፤ ክፍተቱ ጠባብ ከሆነም ወራጅ ይቆረጥና አናጢ ይጠግነዋል። ቆርቆሮው ሲበሳ በቱቦው ልክ አይበሳም፤ ሰፋ ይደረግና ዙሪያው በላሜራ አንገት ይሸፈናል፣ ዝናብም እንዳያስገባ።

— አንገቱን ማን ይሠራዋል?

— ማንኛውም የብረታ ብረት ልጅ ይሠራዋል፤ ግን ቆመው ያሠሩ። ሁሉንም በዚንጎ ልሥራ ይልዎታል፣ ስለሚረክስ። ከእሳቱ አጠገብ ያለው የመጀመሪያው ሜትር ጥቁር ላሜራ ይሁን። ዚንጎ በጣም ሲግል የሚተፋው ነገር ለሳንባ አይሆንም። ከላይ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ዚንጎ ይቀጥላል።

— ቁመቱስ?

— ከጣሪያው ከወጣበት 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በ3 ሜትር ዙሪያው ከፍ ያለ ነገር ካለ ደግሞ ከዚያ 60 ሳንቲ ሜትር መብለጥ አለበት።

— በ3 ሜትር ዙሪያ? በስተምሥራቅ ያለው ጎረቤቴ ፎቅ ጀምሯል እኮ።

— አይቻለሁ። እሱ ሲጨርስ ነፋሱ ከፎቁ ግድግዳ ጋር ተላግቶ ጭሱን ወደ ታች ይመልሰዋል። አሸጎዳ ላይ ያን ሁሉ ተርባይን ያቆሙት ነፋስ ስላለ ነው፤ ያው ነፋስ እርስዎ ጣሪያ ላይም አለ። ስለዚህ ቱቦው በምዕራቡ በኩል ይውጣ፣ ጫፉ ላይም ባርኔጣ ይደረግለት። የጎረቤት ፎቅ ስንተኛ ላይ እንደሚቆም ግን ማን ያውቃል?

— እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቱቦ ሲረዝም እሳቱን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ሙቀቱ ምጣዱን ሳይዝ ያልፋል፣ እንጨት ይበላል። የቆጠብኩትን በጭስ ማውጫው መልሼ ልለቀው?

— ይህ እውነት ነው፤ ብዙዎች ጭስ ማውጫ አሠርተው እንደገና የሚደፍኑት በዚህ ነው። ቱቦው አንገት ላይ የሚዞር ላሜራ ይደረጋል፤ ሲጋግሩ በመጠኑ ያጠቡታል። ግን ይስሙኝ፣ ፍሙ እያለ ፈጽሞ አይዘጋም። ከተዘጋ ያ ሽታ የሌለው የነገሩኝ ነገር እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀራል። እኔ ብሠራው ላሜራውን ቀዳዳ አበጅለትና እዘጋለሁ ቢሉ እንኳ የማይዘጋ አደርገዋለሁ።

— ይህን ወደድኩት።

— ጭስ የሚወጣው ደግሞ አየር ሲገባ ነው። የበሩ ሥር ክፍት ይሁን። ጨርቅ እየወተፉ ቱቦው አይስብም ብለው እንዳይወቅሱኝ። በሦስት ወር አንዴ ቱቦው ይንኳኳ፣ ጥቀርሻው ይውረድ፤ የተከማቸ ጥቀርሻ ራሱ ይነዳል። አመዱም በላስቲክ ባልዲ አይጣልም፤ ሰው በረደ ብሎ የጣለው አመድ ማግስቱን ፍም ይዞ ይገኛል።

— ጥቀርሻ የሚያበዛው እርጥብ እንጨት ነው፤ እሱን ለኔ ተወው። ሁለት ፍልጥ ታጋጫለህ፤ ደረቅ ከሆነ ቃ! ይላል፣ እርጥብ ከሆነ ዱብ። ነጋዴው ሁሉም ደረቅ ነው ይልሃል፤ ታጋጫለህ፣ ዝም ይላል። ምድጃውንም እንዲሁ በጣቴ አንኳኩቼ፣ ስንጥቅ አይቼ ነው የምገዛው። ትናንት ተቀድቶ ዛሬ ገበያ የወጣ አለ፤ ሲሚንቶው ሳምንት ያህል ውሃ እየጠጣ ካልጠነከረ፣ ከዚያም ካልደረቀ፣ በመጀመሪያው እሳት ይሰነጠቃል። አራቱን ቁራጭ እዚያው መሬት ላይ አጋጥሜ አየዋለሁ። መጋጠሚያው በጭቃ ይመረጋል፣ የምጣዱም ከንፈር ዙሪያውን። ጭስ በዚያ በኩል ካመለጠ ያንተ ቱቦ ምን ይሠራል?

— እንግዲህ ስለ ምድጃው ተግባባን ማለት ነው። ስለ እንጨቱ ግን አልተግባባንም። ከየት ነው የሚመጣው?

— ከነጋዴ።

— ነጋዴውስ? ደስዓ ጫካ ውስጥ የቀረውን ጥድና ወይራ ማን ነው የሚጨርሰው? ትግራይ እኮ በ2017 እ.ኤ.አ. ጋራዋን በእርከንና በዛፍ አልብሳ ከዓለም የወርቅ ሽልማት ወስዳለች፣ ወርልድ ፊውቸር ካውንስል የሰጠውን። ያንን እርከን የሠሩት እርስዎ ነዎት፣ አይደለም?

— እኔማ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ተሸክሜ ነው የወጣሁት። ሕዝቡ ያለ ክፍያ ድንጋይ ሲክብ፣ ጣት ሲቀጠቀጥ እኔ እጠቀልላለሁ። ስለዚህ የምትለውን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። በጦርነቱ ጊዜ የጋራው ዛፍ ወደ ከተማ በአህያ ሲገባ ቆሜ አይቻለሁ፤ ገዝቼአለሁም። ምን ልልህ?

— እንግዲያው?

— እንግዲያው ከሰሉን ቀንስ በለኝ እንጂ እንጨቱን ብቻ አትቁጠርብኝ። በመሬት ጉድጓድ የሚከስል ሰው ለአንድ ኪሎ ከሰል አምስት ኪሎም ከዚያም በላይ እንጨት ያጠፋል። በኤሌክትሪክ ይጋገራል የሚባለው ቤት ሁሉ ወጡንና ቡናውን በከሰል ነው የሚያበስለው። አንተም አዲስ አበባ እንደዚያው ነህ። እኔ ከሰው ማሳ ዳር የተተከለ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ነው የምገዛው፤ እሱ ተቆርጦ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የደስዓ ጥድ አያቆጠቁጥም።

— የባሕር ዛፍ ነው ብሎ የሚሸጥልዎ ነጋዴ የወይራም ፍልጥ ይቀላቅላል።

— ወይራን በሽታውም በክብደቱም አውቀዋለሁ። አልወስድም።

— እርስዎ አይወስዱም፤ ከእርስዎ ኋላ የቆመችው ሴት ትወስዳለች።

— ...አዎ፣ ትወስዳለች። የእሷን ምድጃ ግን የኔ ምድጃ አያመጣውም፣ አያስቀረውምም። እዚሁ መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ልጆች ከኖርዌዮች ጋር ሆነው በፀሐይ ሙቀት በሚፈላ እንፋሎት እንጀራ ጋግረው ነበር። ከ135 እስከ 160 ዲግሪ በሆነ ሙቀት ዐይን ያለው እንጀራ ወጣ፤ እኛ እኮ ምጣዱን ከዚያ በላይ ነው የምናግለው። ያ ነገር ሰኞ ገበያ ላይ የሚሸጥበት ቀን ከመጣ ያንተን ገመድም ያንተን ቱቦም አወርደዋለሁ።

— አንድ የመጨረሻ ልጠይቅዎ፤ አይቆጡኝም?

— ተናገር።

— እስካሁን «እኔ እጋግራለሁ» እያሉ ነው። ሃምሳውን እንጀራ የሚጋግሩት ግን እርስዎ አይደሉም። ልጅቷ ናት። እርስዎ ምድጃውን ይገዛሉ፣ ብሩን ይቀበላሉ፤ ጭሱን የምትውጠው እሷ ናት። ብሬከሩ እኔ ነኝ ሲሉኝ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። እሳቱ ፊት የምትቆመው እሷ ከሆነች ብሬከሩ እርስዎ አይደሉም።

— ...

— ተቆጡኝ?

— አልተቆጣሁም። ስንት ዓመቷ እንደሆነ እያሰብኩ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ። መብራት ሲጠፋ አንዳንዴ ወደ ቤቷ ሄዳ በእናቷ ጉልቻ ላይ ትጋግርና ይዛልኝ ትመጣለች። ዐይኗ ቀልቶ ነው የምትመጣው፤ ተኝታ ነው እላለሁ። በእንጀራ ነው የምከፍላት፤ ያልተጋገረ ቀን ደመወዝ የለም። መብራት ሲጠፋ አርፈሽ ግቢ ብላት እሷ ናት የምትቆጣኝ።

— መብራት በጠፋበት ቀንም ቢከፍሏትስ?

— ...እሱን አስብበታለሁ። አሁን አልመልስልህም።

— እኔም መልስ አልፈለግኩም።

— አንድ ነገር ግን አሁን እወስናለሁ። ማድ ቤቱ መስኮት ከራሴ በላይ ነው የተሠራው፤ እኔ ቆሜ ስለምጋግር ጭሱ ከላይ ያልፈኛል። እሷ አጭር ናት፣ በርጩማ ላይ ነው የምትቀመጠው፤ እሳቱ አፍ ፊት ናት። በምዕራቡ ግድግዳ ከእሷ ቁመት ልክ አየር የሚገባበት ይከፈት። ተቀምጣ ትለካ። ቱቦውም ከመቆሙ በፊት እሷ ተቀምጣ ትየው።

— ድንጋዩን የሚበሳ ግንበኛ ይፈልጋል።

— ግንበኛ አለ። ሌላስ?

— ባልዲ አሸዋ በሩ አጠገብ። ሕፃን ማድ ቤት አይገባም። የኤሌክትሪኩም ምጣድ በአዲሱ ገመድ ይሠራል፤ መብራት ባለበት ቀን በእሱ ነው የሚጋገረው። ይህን ቃል ይስጡኝ።

— መብራት ባለበት ቀን በእሱ። ቃሌ ነው። ግን የታሪፉን ልዩነት አንተ ትልክልኛለህ።

— እልካለሁ። የምጣድዎ ስፋት ስንት ነው? የምድጃው ክብ ከእሱ ጋር ካልገጠመ ሰኞ የገዙትን ማክሰኞ ሊመልሱት ነው።

— ስልሳ ሳንቲ ሜትር መሰለኝ።

— መሰለኝ አይሆንም፤ ሜትሬን ይዤ መጥቻለሁ።

— ለካው እንግዲያ። ሰኞ ግን አንሄድም።

— ለምን?

— ኮርኒሱ ገና አልወረደም።